ከሻሹ በፊት በሩ

ሹሩባ መሥራት ያቆምሁት ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ነው። ሰው የሚደክመው እጅ ይመስለዋል፤ እጄስ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል። ግን የእኛ ሥራ የጉልበት ሥራ ነው፤ እንደ ድሮው ወግ የምትሠራ ሴት የደንበኛዋን ራስ በሁለት ጉልበቷ መሐል ይዛ ነው ግማሽ ቀን የምትቀመጠው። ጉልበት ሲላላ ራስ ይዋልላል፤ ራስ ሲዋልል መስመር ይጣመማል። ሰው በጠማማ መስመር ከምሸኝ ብዬ፣ መርሳ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለችው ቤቴ ጥርሰ ረጅሟን የእንጨት ሚዶዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስገባኋት። አልሐምዱሊላህ፣ ብዙ ራስ አይቻለሁ።

አሁን ደጃፌ ላይ ቁጭ ስል የልጅ ልጆቼ "እማ፣ ዛሬስ ምን አናደደዎት?" እያሉ ይስቁብኛል። የሚያናድደኝ መቼ አጥቼ! ፊት ለፊቴ ያለው ጫማ ሻጭ ሞንታርቦውን ወደ እኔ ቤት አዙሮ ቀኑን ሙሉ "ታላቅ ቅናሽ" ይላል። ይኸው ቅናሹም አላለቀ፣ ጫማውም አላለቀ። ሶላት ላይ ቆሜ እንኳ ያ ልጅ ጆሮዬ ውስጥ ይለፍፋል። ቅቤው ሌላ ነው፤ ድሮ ቅቤ አሽትቼ ለጋነቱን የማውቅ ሴትዮ፣ አሁን የምገዛው ቅቤ ምን እንደተቀላቀለበት ሻጯም አታውቀውም፤ ራስ ላይ ሲቀባ እንደ ሻማ ይደርቃል። መብራቱ ካውያዬን ስሰካ ይጠፋል፣ ተስፋ ቆርጬ ልብሱን ሳጥፍ ይመጣል። ባጃጁ "እርስዎን ብቻ ነው የምጠብቀው" ብሎ ካሳፈረኝ በኋላ ሌላ ሰው እስኪያገኝ መርሳን ያዞረኛል።

"ይህን ሁሉ ጻፊውና ይውጣልሽ" አለኝ ልጄ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረስሁም፤ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። እጄ በብዕር ቀርፋፋ ነው፣ ነገሬም ዘወር ዘወር ይላል፤ ታገሡኝ። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ስልክ ነው። የአንዲት ልጅ ሠርግ ያፈረሰብኝ፣ የእኔንም የሥራ ስም ይዞ የሄደው እሱ ነው። ወደሱ እደርሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስሙ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

ሥራውን ያስተማሩኝ እማ ዘሐራ ናቸው። ቤታቸው ከብርቱካን እርሻው አጠገብ ነበር፤ እኔ ገና ልጃገረድ ሳለሁ እናቴ "እጇ ቀጭን ነው፣ ይያዙልኝ" ብላ ሰጠችኝ። እማ ዘሐራ ብዙ አይናገሩም። አንድን ራስ ከመንካታቸው በፊት መዳፋቸውን እስኪሞቅ ያፋትጋሉ፤ ቀዝቃዛ እጅ አንገት ያስኮማትራል ይሉ ነበር። ከዚያ "የሚያምሽ ቦታ አለ?" ብለው ይጠይቃሉ። ሴትዮዋ የለም ብትልም አያምኗትም፤ በጣታቸው ጫፍ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ዳብሰው ራሳቸው ያገኙታል። አራስ ከሆነች ፀጉሯ ስለሚረግፍ ከግንባር ዳር ያለውን ለስላሳውን አይነኩትም። ሲጎነጉኑ ዓይናቸው ጣታቸው ላይ አይደለም፤ የሴትዮዋ ቅንድብ ላይ ነው። ቅንድቧ ከፍ ካለ ጠብቋል፤ ትንሽ ይመልሱታል። እኔ እጃቸውን ለማየት ስንጠራራ "ፊቷን እዪ እንጂ! ፀጉሩማ ምን ይነግርሻል?" ይሉኝ ነበር።

ከሁሉ ግን የበሩ ነገር። እማ ዘሐራ ማንም ሴት በር ሳይዘጋ ሻሿን እንድትፈታ አይፈቅዱም። መወርወሪያውን ያስገባሉ፣ ገባ ወጣ አድርገው ይሞክሩታል፣ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ይወትፉታል፤ ከዚያ ነው "በይ ፍቺው" የሚሉት። "ፋጤ፣ ከሻሹ በፊት በሩ" ይሉኛል። "ሴት ራሷን ገልጣ ስትሰጥሽ አደራ ነው የሰጠችሽ።" የእስላሟ ፀጉር ለባዳ ወንድ እንደማይታይ የታወቀ ነው፤ እሳቸው ግን ለክርስቲያኗም ይዘጋሉ። አንዴ አንዲት ጠጅ ሻጭ ደንበኛችን ሳቀችባቸው።

"እማ ዘሐራ፣ እኔኮ ክርስቲያን ነኝ! የእኔን ራስ ሰው ቢያየው ምን ይላል?"

"ለራስሽ መሰለሽ?" አሏት። "ለወሬሽ ነው የምዘጋው። ምላስሽ ሻሽ የለውም።"

እውነት ነው፤ ራሷን ለሰው ጉልበት የሰጠች ሴት የማትናገረው የለም። እኔ በዚያ ቤት የሰማሁትን ለባሌ እንኳ አልነገርሁም፤ አላህ ይማረውና እሱም ጠይቆኝ አያውቅም።

እማ ዘሐራ ሲሞቱ ሚዷቸው ለእኔ ቀረች። ባሌ ወልድያ ሥራ አግኝቶ ስንሄድ፣ ከመናኸሪያው አጠገብ ፀጉር ቤት ከከፈተች ጽጌ ከምትባል ልጅ ጋር ገባሁ። ጽጌ ደግ አለቃ ነበረች፤ ደመወዜን አስለምናኝ አታውቅም፣ ዒድ ሲሆንም ሳልጠይቃት "እትዬ ፋጤ፣ ዛሬ ምን ያደርጋሉ እዚህ?" ብላ ትመልሰኛለች። ቤቷ ግን ለእኔ ግራ ነበር። በሩ መስታወት፣ ግድግዳው መስታወት፣ ደንበኛዋ ወንበር ላይ፣ እኔ ቆሜ። ጉልበቴ ሥራ አጥቶ እንደ ጨነቀው ሰው ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዲት ሴትዮ ፀጉሯን በቢጎዲን ተጠቅልላ ካስኩ ውስጥ ራሷን እንዳስገባች መብራት ጠፋ። ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ ለቅሶ አለባት። በመጨረሻ ቢጎዲኗን እንዳደረገች ነጠላዋን ከላይ ጣል አድርጋ ሄደች። በኋላ ስትነግረን፣ ለቅሶ ቤቱ ያሉት ሴቶች ራሷን በነጠላዋ ላይ እየዳበሱ "እህቴ፣ ምን መታሽ?" እያሉ የሟቹን ትተው እሷን አስተዛዘኗት አሉ።

የማልክደው ነገር፣ መጋረጃ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ጽጌን "ከጓዳ በኩል አንዲት ጥግ ስጪኝና ምንጣፍ ላንጥፍ፣ በሩንም በጨርቅ ልጋርድ" አልኋት፤ ወር ሳይሞላ የወልድያና የአካባቢው እስላም ሴቶች ጥጓን ሞሏት። "በር የምትዘጋዋ ፋጤ" ተባልሁ። ከሲሪንቃ ይመጣሉ፣ ከሐራ ይመጣሉ። እንግዲህ ስሜ ይኼ ነበር፤ ሌላ ስም አልነበረኝም።

ከዚያ ስልክ መጣ። መጀመሪያ የማትታይ ነገር ነበረች፣ ጮኻ ዝም ትላለች። በኋላ ፊቷ እየሰፋ፣ ሴቱ ሁሉ አንገቱን እየደፋ ሄደ። ጉልበቴ መሐል ያለ ራስ ድሮ ቀስ በቀስ ነበር የሚከብደው፤ ሲከብድ ልቧ እንዳረፈ አውቃለሁ፣ አንዳንዷማ ታንኮራፋለች። ስልክ የያዘች ሴት ራስ አይከብድም፤ ስትስቅ ይዘላል፣ ስትጽፍ ይደፋል፣ ድንገት "ውይ!" ስትል መስመሬ ከአናት ወደ ጆሮ ይሮጣል። "ልጄዋ፣ ቀና በይ" እላለሁ። "እሺ እማ ፋጤ" ትላለች፤ ትደፋለች። ሌላዋ የአንዲት ፈረንጅ የመሰለች ልጅ ፎቶ ታሳየኛለች፣ "እንዲህ ያድርጉኝ።" ፎቶ ላይ ያለው ፀጉር የልጅቷም አይደለም፣ ተገዝቶ የተሰፋ ነው፤ ከየት አምጥቼ እንዲያ ላድርጋት? ደግሞ የቀጠሮው ውሸት! ደውዬ "የት ደረስሽ?" ስላት "ባጃጅ ላይ ነኝ፣ ደረስሁ" ትለኛለች፤ ከጀርባዋ የራሷ አውራ ዶሮ ይጮኻል። "ዶሮውንም ይዘሽው ነው የምትመጪ?" ስላት ስልኩን ትዘጋለች።

ፍርድ እንዳላጎድል ግን አንድ ነገር ልበል። በዚያ በክፉው ጊዜ፣ በጦርነቱ፣ መብራቱም ኔትወርኩም ለወራት ጠፍቶ ሳለ፣ ሴቶቹ እየመጡ ራሳቸውን ጉልበቴ ላይ ይጥሉ ነበር። ራሱ ይከብዳል፣ አንገቱ አይላወስም። የፈለግሁት ራስ ይኸው ነበር። ግን ልጇ በሕይወት ይኑር አይኑር የማታውቅ እናት ራስ ነበር፤ እንዲያ ያለውን ክብደት ሁለተኛ አያሳየኝ። ያን ጊዜ "ይቺ ስልክ ጮኻ ሴትዮዋ አንገቷን በደፋችልኝ" ብያለሁ።

ወደ መርሳ ከተመለስሁ በኋላ ነው የሰሚራ ነገር የመጣው። ሰሚራ የሐራ ልጅ ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፀጉሯን የሠራሁላት እኔ ነኝ። ብዙ፣ ጥቁር፣ ውኃ ሲነካው የሚጠቀለል ፀጉር። የኒካዋ ዋዜማ ዕለት ሐራ እናቷ ቤት ሄድሁ። ወጉ እንደምታውቁት ነው፤ ሙሽሪት መሐል ትቀመጣለች፣ ጓደኞቿ ሂና ያቀልማሉ፣ ድቤው ይመታል፣ ሴቱ ሁሉ ሻሹን ጥሎ ይጨፍራል። በሩን ዘጋሁ። መወርወሪያውን ገባ ወጣ አድርጌ ሞከርሁት። መስኮቱን ወተፍሁ። "በይ ፍቺው" አልኋት፤ ፈታችው።

መሐል ላይ ስደርስ የአክስቷ ልጅ ኢክራም ስልኳን ወደ ሰሚራ አዞረች። ሰሚራ ራህማ የምትባል ታላቅ እህት አለቻት፤ ለሰው ቤት ሥራ ጅዳ ከሄደች ዓመታት ሆኗት፣ ለሠርጉ መምጣት አልቻለችም። "ራህማ ናት፣ እንድታያት ነው" አለችኝ ኢክራም። ስልኩ ውስጥ ራህማ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ "እህቴ! ፀጉርሽን ላየው፣ አዙሪልኝ!" ትላለች። እኔም ፊቷን አየሁት። እህት ናት፣ ሴት ናት፤ ምን ክፉ አለው ብዬ ራሱን ወደ ብርሃኑ ዞር አድርጌ ሰጠኋት። ኢክራም ከዚያ በኋላ ስልኩን አላጠፋችውም፤ ጭፈራውንም ቀረጸች፣ ለጓደኞቿም ላከች። ተንኮል የለባትም፣ ደስ ብሏት ነው። ጓደኞቿ ለጓደኞቻቸው ላኩ። እኔ የመጨረሻውን ጉንጉን ሳልቋጥር የሰሚራ ፀጉር ሐራ ገበያ ላይ በወጣቶች እጅ ይዞር ነበር።

ማታውን የሙሽራው አባት ሽማግሌ ላከ። "ልጄ ያላየውን ሠፈሩ አይቶለታል፤ ኒካው ይቅር" አለ።

በማግስቱ ሲሪንቃ የሙሽራው እናት ዘንድ ሄድሁ። ኸድጃ ትባላለች፣ እኩያዬ ናት፤ እሷንም ለሙሽርነቷ የሠራኋት እኔ ነኝ። እንድቀመጥ እንኳ ሳትለኝ ጠየቀችኝ።

"በሩን ዘግተሽ ነበር?"

"ዘግቼ ነበር።"

"ታዲያ በየት ወጣ?"

"በስልክ ወጣ ኸድጃ። እህቷ ጅዳ ናት፣ እሷ ትየው ተብሎ…"

"ስልኩን አይተሽዋል?"

"አይቼዋለሁ።"

"አይተሽ ዝም አልሽ።"

ኸድጃ እጇን ጭኗ ላይ አሸች። "እኔ ልጅቷን ወድጃታለሁ፤ አንቺንም አምንሻለሁ" አለችኝ። "ግን እኒያን ወንዶች በምን ቃል ልመልሳቸው? ባሌ ከትላንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።" ሠርጉ ቀረ። የተጣለው ዳስ ሲፈርስ ቆሜ አየሁት።

ሰሚራ ምንም ክፉ አልተናገረችኝም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፣ አንገቷን ደፍታ፦ "እማ ፋጤ፣ እርስዎ በር ይዘጋሉ ብዬኮ ነው የፈታሁት።" ከዚያ ወዲያ ማንም ሴት ፀጉሯን አልሠራላትም። መርሳ መጥታ ገበያው ውስጥ ልብስ መነገድ ጀመረች፤ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አጥብቃ ታስራለች። ስታየኝ ከሩቅ ሰላም ትለኛለች፤ አክባሪ ልጅ ናት፣ ግን ደጄን አልረገጠችም።

"በር የምትዘጋዋ" የሚለኝም ጠፋ፤ እኔ ግን አልተኛሁም፤ ቤቴን አስተካከልሁ። እማ ዘሐራ በር ሲዘጉ የሚገባ ሰው ነበር የሚፈሩት፤ በእኔ ዘመን ደግሞ ከተዘጋ ቤት የሚወጣ ነገር መጣ። እንግዲያው ለሱም መወርወሪያ ያስፈልገዋል አልሁ። ሰፊ ቅርጫት ገዝቼ በሩ ሥር አስቀመጥሁ፤ የገባች ሁሉ ስልኳን እዚያ ትጥላለች፣ እኔ ጋቢ አለብስበታለሁ፣ ከዚያ ሻሽ ይፈታል። መጀመሪያ ሰሞን ያየሁት ግርግር!

"እማ ፋጤ፣ ከስልኬ ልጄን ቢወስዱብኝ ይሻላል!"

"ልጅሽንማ ምን ላድርገው፣ የራሴ ሞልተውኛል። ስልኩን አምጪ።"

"ባሌ ቢደውልስ?"

"ቅርጫቱ ያነሳለታል።"

አንዳንዷ ተቆጥታ ሄደች፤ ትሂድ። የቀሩት ግን ራሳቸው እንደ ድሮው ይከብድልኝ ጀመር። ስልኮቹ ከጋቢው ሥር እንደ ጫጩት ይንጫጫሉ፣ ማንም አይነሣላቸውም፤ ሴቶቹ መጀመሪያ ይቁነጠነጣሉ፣ በኋላ ያ የማን ነው እያሉ በድምፁ ይሳሳቃሉ። ቅርጫቱ ስሜን መለሰልኝ። የሰሚራን ግን አልመለሰልኝም፤ ይህን አውቃለሁ።

ባለፈው ዓመት፣ ሚዶዬን ሣጥን ውስጥ ካስገባሁ በኋላ፣ ሰሚራ መጣች። ደጄ ላይ ቆማ ጫማዋን እያየች፦

"እማ ፋጤ፣ ላገባ ነው።"

"ማሻአላህ! ማንን?"

"የመርሳ ልጅ ነው፣ ሾፌር። የሆነውን ሁሉ ያውቃል። ይሠሩኝ ይሆን?"

"ልጄዋ፣ እጄ አለ፤ ጉልበቴ ነው የሌለው። ራስሽን አልይዘውም።"

"አብሽሩ፣ አይዞዎት" አለችኝ፣ ሳቅ እያለች። "እኔ ራሴን ቀጥ አድርጌ እይዘዋለሁ። አንድ ችግር ብቻ አለ።" ችግሩ ራህማ ነበረች። እህትየው አሁንም ጅዳ ናት፣ አሠሪዎቿ አልለቀቋትም። "ካሜራ አይሆንም አልኋት። 'ያኔ በእኔ ምክንያት ነው የፈረሰብሽ፣ እሺ' አለችኝ። ከዚያ ግን ዝም ብላ አለቀሰች። እኔም ያለሷ ሙሽራ መሆን አልሆንልሽ አለኝ።"

ሌሊቱን ሳስብበት አደርሁ፣ ነጋ፤ ቅርጫቴን ብብቴ ሥር ይዤ ወደ ሙሽሪት ቤት ሄድሁ።

ሴቶቹ ተሰብስበዋል፣ ኢክራምም አለች። እሷም አሁን የልጅ እናት ሆናለች፤ እንዳየችኝ ማንም ሳይጠይቃት ስልኳን ዘርግታ ሰጠችኝ። "አንቺው ደውዪላት" አልኋት። "ለማን?" "ለራህማ። በድምፅ ብቻ።" ደወለች። ስልኩን ፊቱን ወደ ታች ደፍታ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ጋቢውንም ራሷ አለበሰችው። በሩን ዘጋሁ። ሞከርሁት። "በይ ፍቺው።"

ሰሚራ ሻሿን ፈታች። ያ ፀጉር ስንት ዓመት ሰው ሳይነካው ኖሮ፣ እስከ ወገቧ ወርዷል።

"እማ ፋጤ?" አለ ቅርጫቱ። "ፈታችው? እንዴት ነው?"

"ወገቧ ደርሷል፣ ራህማ። ድሮ አንቺ የምትጎትቺው ከማጅራቷ በታች ያለው አሁንም ጥቅልል ነው።"

ከዚያ እየሠራሁ እነግራታለሁ። አሁን ከግራ ጆሮዋ ጀርባ ጀመርሁ። አሁን አናቷ ላይ ያለችው እሽክርክሪት ጋ ደረስሁ፤ ትንሽ ሳለች ጠርሙስ የፈነከታት ጠባሳ እዚሁ አለ። "እኔ ነኝ የፈነከትኋት!" ይላል ቅርጫቱ፤ ሴቱ በሳቅ ያብዳል። አንዷ "እማ ፋጤ በስተርጅና ከቅርጫት ጋር ወሬ ጀመሩ" አለች። "ካንቺ ይሻላል፣ ይህ እንኳ ያዳምጣል" አልኋት። ሰሚራ እንዳለችው ራሷን ቀጥ አድርጋ ያዘችው፤ ቅንድቧን አያለሁ፣ አንዴም አልተነሣ። በኋላ ቀስ እያለ ከበደ። ያ ራስ ደካማው ጉልበቴ ላይ ሙሉ ክብደቱን ሲጥል ተሰማኝ፤ አመመኝ፣ ግን አልተላወስሁም።

የመጨረሻው ጉንጉን ቀረኝ። "ራህማ፣ ይቺ የመጨረሻዋ ናት" አልኋት።

ቅርጫቱ ዝም።

"ራህማ?"

ኢክራም ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየችና "ኔትወርኩ ሄደ" አለች።

እስኪ አሁን በዚህ ሰዓት! ድቤው ቆመ። ጣቴ ሥር የሰሚራ አንገት ሲጠነክር አወቅሁት። "ይቋጥሩት እማ ፋጤ፣ መሽቷል" አለችኝ አንዷ። አልቋጠርሁም። ጉንጉኗን በሁለት ጣቴ እንደ ያዝሁ ተቀመጥሁ፤ ሴቱም ሁሉ ያን ጋቢ የለበሰ ቅርጫት እያየ ተቀመጠ። ዕድሜዬን ሙሉ የረገምሁት ጩኸት እስኪመጣ ጠበቅሁ።

ጮኸ።

"የት ላይ ደረሳችሁ?" አለች ራህማ፣ እየተንሰቀሰቀች።

"የትም አልሄድንም" አልኋት። ቋጠርሁት።

በሩን የከፈትሁት ሰሚራ ሻሿን ካሰረች በኋላ ነው።